ከወኅኒ ቤቱ በር እስከ ሟች ደጃፍ

ሰውዬው የተፈረደበትን ፈጽሞ ከወኅኒ ቤት ወጣ። ፍርድ ቤቱ የበየነበት አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ነበር፤ በመልካም ጠባዩ አመክሮ ተፈቅዶለት አሥሩን ዓመት እንደ ጨረሰ ተለቀቀ። ሲገባ ጥቁር የነበረው ጠጉሩ ሸብቷል፤ እርፍ ያውቅ የነበረው እጁም በእሥር ቤት የሽመና መወርወሪያ ለምዷል። የመፈቻ ወረቀቱን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ከቀትር በኋላም ከወረዳው ከተማ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መንደሩ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እሱ ግን መንገዱን አልጀመረም። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠ።

የሚፈራው ፖሊስን አይደለም፤ ከመንግሥት ጋር ሒሳቡን ዘግቷል። የሚፈራው አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። እሱ ወኅኒ ሲወርድ ያ ልጅ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ አባቱ ሲቀበር በአጎቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቷል። የሟች ቤት ከመንገድ ዳር ነው። ወደ ምንጩም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ወደ ገበያውም የሚወስደው መንገድ በዚያው ደጃፍ ያልፋል። መንግሥት ሰውዬውን ለቆታል፤ ደሙ ግን አልለቀቀውም።

ይህ ሰው ስም የለውም፤ ስም ያጣውም ስሙ ብዙ ስለሆነ ነው። በሸዋም ሆነ በወሎ፣ በጎጃምም ሆነ በጎንደር፣ የእሥር ዘመኑን ጨርሶ አገሩ መግባት ስለ ተሳነው፣ መሬቱን ጥሎ ከሰው አገር በቀን ሥራ ስለ ቀረ፣ ወይም ደፍሮ ገብቶ በገባ በጥቂት ቀን ሬሳው ከጫካ ስለ ተነሣ ሰው ያልሰማ ዳኛ ወይም አስተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህም አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕግ የሚጠበቅበትን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ፣ በወኅኒ ቤቱ በርና በሟች ደጃፍ መካከል የሚቀረውን መንገድ ማን ይሂደው?

* * *

ነገሩ የተጀመረው በወሰን ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎረቤታሞች፣ በደቦ የሚተጋገዙ፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ ነበሩ። አንዱ በሬውን ሲመልስ ጥቂት አልፎ አረሰ፤ ሌላው የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ነበረበት መለሰ። ነገሩ ክረምቱን ሙሉ ሲብላላ ከረመ። ከማኅበር ሲመለሱ በመንገድ ላይ ቃል ቃልን ወለደ፤ ሽመል ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያለው የመዝገብ ታሪክ ነው። ፖሊስ መረመረ፣ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰ፣ ምስክር ተሰማ፣ ድርጊቱም ተራ የሰው ግድያ ተባለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለእንዲህ ያለው ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እሥራት ይደነግጋልና ዳኛው በዚያ መካከል መዝኖ በየነ። ጉቦ አልተበላም፤ ድሀም አልተበደለም። ፍርዱ ፍርድ ነበር።

ይሁን እንጂ በችሎቱ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት እሷ ስትሆን ከሳሹ መንግሥት ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረችው የዐቃቤ ሕግ ሦስተኛ ምስክር ተብላ ነው። ተከሳሹ ከወንዙ ወዲህ ሲሮጥ ማየቷን ተጠየቀች፤ ያየችውን ተናገረች፤ «ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ» ተባለች። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። ባሏ ወድቆ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ አጠገቡ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻ ቃሉን የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሟል። ሟች ምን አለ? ማንን ጠራ? ይህ ጥያቄ ለክሱ ስለማይጠቅም የሚጠይቀው አልተገኘም። ሴትየዋም ጥያቄዋን በሆዷ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ አሥር ዓመትም አብሯት ኖረ።

የመደበኛው ፍርድ ቤትና የሽማግሌ ሸንጎ ልዩነት ከዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍርድ ቤት የትኛው አንቀጽ ተጣሰ፣ ማን ጣሰው፣ ቅጣቱስ ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌ ደግሞ ማን ተጎዳ፣ የጎደለው ምንድን ነው፣ ማንስ ይሙላው ይላል። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ተመልክቶ ጥፋትን ይመዝናል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ተመልክቶ ነገ በአንድ ምንጭ የሚቀዱትን ሰዎች ያስባል። የሕግ ሊቃውንት በቅርብ ዘመን «ተሐድሷዊ ፍትሕ» የሚል ስም ያወጡለት አስተሳሰብ መሠረቱ ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ሲባል የመጀመሪያውን ጥያቄ ማቃለል ታላቅ ስሕተት ይሆናል። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ዘመድም ወይ ይገድለዋል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። ባለጠጋው ነፍሱን ሲገዛ ድሀው በዘመድ ጦር ይሞታል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. ሕግ፣ የቅጣትን ሥልጣን ከዘመድ እጅ አውጥተው በመንግሥት እጅ አስገቡት። ይህ ለተራው ሰው ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን መንግሥት የበቀልን ጦር ሲረከብ የሟችን ቤተሰብ ጥያቄም አብሮ ተረከበ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል።

* * *

ሕዝቡ በበኩሉ ሕጉ የተወውን መንገድ ሲሄድበት ኖሯል። በአማራው አገር «ደም ማድረቅ» ይባላል፤ በኦሮሞው «ጉማ»። በወሎ አበጋሮች ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጠው ያስታርቃሉ። ሥርዐቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። ከሁለቱም ወገን ያልተወለዱ ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠራል፤ ስለዚህም እምቢታው ራሱ የሥርዐቱ አንድ ክፍል ነው። ቀኑ ሲደርስ ገዳይ በባዶ እግሩ ሆኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሟች ዘመዶች እግር ላይ ይወድቃል። ጥፋቱን በአንደበቱ ያምናል። ካሣ ይቆረጣል፤ የሁለቱም ወገን ቂም ላይዝ ይምላል፤ ከአንድ መሶብ ይበላል። «ዕርቅ ደም ያድርቅ» የተባለው ተረት ሳይሆን የሥርዐቱ ስም ነው።

ሽማግሌ ያለው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። በአዲስ አበባ አጠገብ በምትገኘው በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የተቈጣ ወጣት ለበቀል አደባባይ ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱ ያንን ሣር ተራምዶ ማለፍ አልቻለም፤ ተመለሰ። በዚያ ሰዓት ፖሊስ በዱላ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ አንድ እፍኝ ሣር ሠራው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሣሩ የከለከለው በቀልን ነው እንጂ ፍርድን አይደለም። በሽማግሌ ቃል እጁን የሰበሰበ ወጣት የወንድሙን ደም ለሕግ በአደራ ሰጥቷል፤ ሕግ አደራውን ከበላ የሚቀጥለው ሣር ዋጋ ያጣል። ዕርቅና ፍርድ እርስ በርሳቸው የሚተማመኑት በዚህ ዐይነት ነው።

* * *

በሌላ በኩል ደግሞ የሽማግሌው ጥላ ለሁሉም እኩል አያጠላም። ከዛፉ ሥር የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶችና ባለ መሬቶች ናቸው። የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ ሲቀርብ «የሆነው ሆኗል፤ ጥሎሽ ይሰጥ፣ ቤተሰቡ ይታረቅ» ይባላል። አባት ይታረቃል፤ አጎት ይታረቃል፤ ጠላፊው ይታረቃል። ልጅቱ ግን ዕርቁ የወረደባት እንጂ የታረቀች አይደለችም። ይህ የባላገር ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የ1949 ዓ.ም. ዘመናዊ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ከእንግዲህ ወንጀሉን አይሽረውም። በ2006 ዓ.ም. ለተመልካች የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ጠላፊዋን የገደለች አንዲት ልጅ በሽማግሌ ሸንጎና በፍርድ ቤት መካከል ስትቆም ያሳየው ይህንኑ ቁስል ነው።

ከዚህም ሌላ የተሠወረ ሽሚያ አለ። ፍርድ ቤቱና የዛፉ ሥር ሸንጎ እየተጠባበቁ ከመሥራት ይልቅ እየተደባበቁ የሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕርቅ እንደ ወረደ ትናንት ያየ ምስክር ዛሬ «አላየሁም» ይላል፤ የዐቃቤ ሕግ መዝገብም ባዶ እጁን ይቀራል። ሕግ ሽማግሌውን ምስክር አጥፊ ብሎ ይጠራጠራል፤ ሽማግሌውም ሕግን ቂም አትራፊ ይለዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቀ ነገር አይናገሩም፤ መከራውም ይኸው ነው።

የሁለቱ መንገድ መጋጠም የሚችል መሆኑን በሌላ አገር የተደረገ አንድ ትንሽ ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ፣ በኦንታርዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት በሀያ ሁለት ቦታዎች የሰው ንብረት አበላሹ። ጥፋታቸውን አመኑ። አመክሯቸውን የሚከታተለው ሹም ወጣቶቹ የበደሏቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቢያገኙ ይሻላል ብሎ አሳሰበ፤ ዳኛው ተቀበለ። ወጣቶቹ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ በር አንኳኩ፤ የበደሉትን ሰው ዐይን እያዩ «እኔ ነኝ» አሉ፤ የጉዳቱንም ዋጋ ከፈሉ። ኋላ በብዙ አገሮች ለተስፋፋው አሠራር ይህ ጉዳይ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ኒውዚላንድ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ በመነሣት፣ ጥፋት የሠራ ወጣት፣ ቤተሰቡና ተበዳዩ አንድ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበትን ጉባኤ በሕግ ደነገገች። በሁለቱም ቦታ ሕግ ከመድረኩ አልወረደም። ጥፋቱ ታውቋል፤ ጥፋተኛው ታምኗል፤ ዳኛው ያውቃል። ዕርቁ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

ለኢትዮጵያም ይህ በር እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በስድብ፣ በእጅ እልፊትና ከአምስት ብር በማይበልጥ ስርቆት የመጣን ነገር አጥቢያ ዳኛው አስቀድሞ እንዲያስታርቅ አዝዞ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከልቡ የተጸጸተ፣ ተበዳዩን የረዳና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን የካሠ ጥፋተኛ ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል፤ ተበዳይም የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ መብት ይሰጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎች ፈቅደው በባህላዊ ሕግ እንዲዳኙ ሲፈቅድ ወንጀልን በዚያ በር አላስገባም። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ዕርቅን ከአማራጭ መፍትሔዎች መካከል ቆጠረ፤ በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመ። እንግዲህ የጎደለው በሩ ሳይሆን ሥርዐት ያለው አገባብ ነው። አገባቡም ሦስት ነገር ይሻል። እውነቱ አስቀድሞ በሕግ ፊት ይታወቅ፤ ተበዳዩ፣ በተለይም ሴትና ልጅ፣ ያለ ጫና እሺ ወይም እምቢ የማለት መብቱ ይጠበቅ፤ ዕርቁም ፍርዱን የሚሽር ሳይሆን ፍርዱ ያልደረሰበትን የሚሞላ ይሁን።

በዚህ ሥራ የኪነ ጥበብ ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የሟች ልጅ በየሠርጉ የሚሰማው ፉከራ ደም መላሹን ያወድሳል፤ የለቅሶው ሙሾ ደም ያልመለሰውን ወንድ በነገር ይወጋል። ልጁ ሽመሉን የሚያነሣው አባቱን ስለሚያስታውስ ብቻ አይደለም፤ አባቱን ለማስታወስ ሌላ ግጥም ስላልተሰጠውም ነው። ገዳይን ያወደሰ ዜማ የታገሠን ሰው ለማወደስ አንደበት ሊያጣ አይገባውም።

* * *

ሽማግሌዎቹ ወደ ሟች ቤት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሴትየዋ እሺ አለች። ቀድሞ የመጡት ሁለት ጊዜ ዘመዶቿን አነጋግረው ተመልሰው ነበር፤ በሦስተኛው ግን ከመካከላቸው አንዱ ቄስ «የሞተባት እሷ ናት፤ እሷ ትጠየቅ» ብለው ነበርና ቃሏን ራሷ ሰጠች። ካሣውን ዘመድ እንደ ወደደ ይቍረጥ አለች። የእሷ ፈቃድ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውዬውን በሰው ፊት ልትጠይቀው።

ሰውዬው በባዶ እግሩ መጣ፤ ድንጋዩን ተሸክሞ በደጃፉ ላይ ወደቀ። ልጁ በአጎቱ ጎን ቆሟል። ሴትየዋ ተነሣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ ያለፈውን ባታነሺው» አሏት።

«አባቴ፣ ለእርስዎ አልፏል፤ ለእኔ አላለፈም» አለቻቸውና ወደ ወደቀው ሰው ዞረች። «ሲሞት ምን አለ?»

ሰውዬው ቀና አላለም። «ውኃ አለኝ» አለ። «ወንዙ ከአጠገባችን ነበር። አልሰጠሁትም። ፈርቼ ሮጥሁ።»

ከሸንጎው ድምፅ ጠፋ። አጎትየው ሽመሉን ጨበጠ፤ ሽማግሌዎቹም ዕርቁ የፈረሰ መሰላቸው። ሴትየዋ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ብዙ ካለቀሰች በኋላ «አሥር ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርቶ ያልደረስሁለት ይመስለኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ልጁን በዐይኗ ጠቀሰችው።

ልጁ ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ፣ ከአጎቱ ጎን ወጥቶ ሄደና ድንጋዩን ከሰውዬው ላይ አነሣ። «ይቅር ለእግዜር» ያለው ቀስ ብሎ ስለ ነበር የሰሙት ቅርብ የነበሩት ብቻ ናቸው። ከልቡ ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላልና። ዕርቅ መርሳት አይደለም፤ እያስታወሱ እጅን መሰብሰብ ነው።

በሳምንቱ ሰውዬው እንስራ ይዞ ወደ ምንጩ በዚያ ደጃፍ አለፈ። ልጁ ከግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር። አልተሳሳሙም፤ ሰላምታም አልተለዋወጡም። ሰውዬው ግን መንገዱን አልቀየረም፤ ልጁም ምሳሩን ይዞ ወደ መንገዱ አልወጣም። ሰውዬው ውኃውን ቀድቶ በመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ።